ከኢንተርቪው በኋላ ምስጋና መላክ ልመና ይመስላል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአካውንቲንግ ተመርቄ ስራ ፍለጋ ላይ ነኝ፣ ባለፈው ሐሙስ አንድ አስመጪ ድርጅት ጠርቶኝ ሶስት ሰዎች ኢንተርቪው አደረጉኝ፣ ጥሩ የሆነልኝ ይመስለኛል፣ ሲጨርሱ «እንደውልልሻለን» አሉኝ በቃ። ጓደኛዬ የምስጋና ኢሜይል ላኪላቸው ትለኛለች፣ ወንድሜ ደሞ እኛ አገር እንደዛ አይደረግም ልመና ነው የሚመስልብሽ ይላል፣ አክስቴ ጭራሽ ለኃላፊው ማር ይዘሽለት ሂጂ እያለችኝ ነው። የማንን ልስማ? ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የማሩን ነገር እንጨርሰው። አክስትሽ ስላሰቡልሽ ነው፣ ባዶ እጅ አለመሄድ ያደግንበት ነገር ነው፣ ግን ገና ቅጥሩን እየወሰነ ላለ ሰው የሚሄድ ስጦታ ስሙ ሌላ ነው። የመንግስት መስሪያ ቤት ቢሆንማ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊያስጠይቅም ይችላል። ስለዚህ ማሩ ቤት ይቅር።

ወንድምሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የመንግስት ቅጥር ላይ ፈተና ትፈተኛለሽ፣ ነጥብ ይደመራል፣ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ እዛ ኢሜይልሽ ምንም አይቀይርም። የግል ድርጅትና ኤንጂኦ ግን ይለያል፣ በተለይ አሜሪካ የተማሩ ወይ የሰሩ ኃላፊዎች ያሉበት ቦታ ይጠብቁታል። ልመና የሚያስመስለው ደግሞ «የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ፣ እባካችሁ አደራ» የሚለው አይነት ጽሁፍ ነው፣ እሱን በጭራሽ እንዳትጽፊ።

እንደዚህ አይነት በቂ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ሐሙስ ዕለት ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ዕቃ ቆጠራው ያነሳችሁት ሀሳብ ስራውን የበለጠ እንድፈልገው አድርጎኛል፣ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የሰራሁትን ናሙና ማየት ከፈለጋችሁ እልካለሁ። ለሌሎቹም ጠያቂዎች ምስጋናዬን አድርሱልኝ።» መሀል ላይ ያለችው አረፍተ ነገር ናት ዋናዋ፣ እዛ ክፍል ውስጥ በእውነት የተወራ ነገር መሆን አለበት፣ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ምስጋና ወዲያው ያስታውቃል። ለሶስቱም ለየብቻ መጻፍ አያስፈልግሽም፣ ለጠራሽ ለኤችአሩ (የሰው ኃይል ክፍሉ) ሰው ላኪው፣ ኢንተርቪው በተደረግሽበት ቋንቋ።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሚስተር ብለው የአባቱን ስም ያስከትላሉ፣ ለሀበሻ ሰው የራሱ ስም ነው የሚከተለው። ሴት ከሆነች ወይዘሮ ትሁን ወይዘሪት ካላወቅሽ አትገምቺ፣ ስሟን ጽፈሽ በ«እርስዎ» ቀጥይ። ፌስቡካቸውን ወይ የግል ቴሌግራማቸውን ፈልገሽ እንዳትጽፊ አደራ፣ ስልክ ብቻ ከሰጡሽ በስራ ሰዓት አጭር ቴክስት ይበቃል።

ምስጋና በማግስቱ ቢደርስ ነበር ጥሩ፣ ያንቺ ቀን ስላለፈ አሁን ከምስጋናው ጋር ውጤቱ መቼ እንደሚታወቅ አብረሽ ጠይቂ። መልስ ከሌለ ከሳምንት በኋላ አንዴ ደውዪ፣ ከዛ በላይ አትጨቅጭቂያቸው። ለወደፊቱ ግን ከክፍሉ ሳትወጪ «ውጤቱን መቼ ልጠብቅ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም።

አልተመረጥሽም ቢሉሽም በሁለት መስመር አመስግኚ። የተመረጠው ሰው በደሞዝ ሳይስማማ ሲቀር የሚደወለው ለተጠባባቂ ነው።