እጅ ላይ ለሚፈረካከስ መጽሐፍ ማይክሮፊልም ከየት ይገኛል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጅማ ያለው ቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ የቆዩት መጻሕፍት ሲገለጡ እየተሰበሩ ነው፤ በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጾቹ በጣም አንሰው ፎቶ በተነሱበት ፊልም፣ የሚተካቸው ከየት እናግኝ ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጅማ ላይብረሪ ውስጥ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጉዳቱን ለዪ። የጅማ ዝናብ የሚያመጣው ሻጋታ አንድ ነገር ነው። ቡናማ ሆኖ እንደ ድርቆሽ የሚፈረካከሰው ግን የወረቀቱ የራሱ በሽታ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራ ብዙ ወረቀት ውስጡ አሲድ አለው። ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። ጽሑፍ የሌለበትን የአንድ ገጽ ጥግ ወዲህና ወዲያ አጥፊው። ሁለት ሦስቴ ታጥፎ ቆረጥ ካለ መጽሐፉን ፎቶኮፒ ማሽን ላይ እንዳትጫኚው፤ ጀርባው ይሰነጠቃል።

ከዚያ የውስጥ ሽፋኑን ፎቶ አንሺ። ደራሲ፣ ማተሚያ ቤት፣ ዓመት፣ የገጽ ብዛት ያዢ። ዓመቱ ላይ ተጠንቀቂ፤ የእኛ 1950 የውጭ ካታሎግ ላይ 1957 ወይም 1958 ሆኖ ነው የሚገኘው። የደራሲው ስም በላቲን ፊደል በየቦታው በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ በርዕሱም ሞክሪ።

ፍለጋውን ከአገር ቤት ጀምሪ። ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን፣ እንዲሁም ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጠይቂ። ከውጭ ወርልድካት በሚባለው የብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት የጋራ የኦንላይን ካታሎግ ላይ ፈልጊ። ቺካጎ ያለው የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማዕከል የአፍሪካ ጋዜጦችን በፊልም ይዟል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል ከኢትዮጵያ ሲሰበስብ ኖሯል። የብራና ጉዳይ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ አለ፤ ቅጂው ሚኒሶታ ነው፣ ብዙው ኦንላይን ይነበባል።

ስታዝዢ በፖሊስተር ፕላስቲክ ላይ የተሠራ የብር (ሲልቨር) ፊልም በይ። በደንብ ከተቀመጠ 500 ዓመት ይቆያል ተብሎ ይገመታል። አሲቴት በሚባለው ፕላስቲክ ላይ የተሠራው የድሮ ፊልም ግን ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ እንዲህ የሚሸት ሮል ከሌሎቹ ጋር አታስቀምጪ። የሚሠራ የማይክሮፊልም ማንበቢያ ማሽን ከሌላችሁ ከፊልሙ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቂ። ሲመጣ ገጽ በገጽ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሪ። የጎደለ ገጽ፣ የደበዘዘ መስመር አይጠፋም። ይህ ሳያልቅ ዋናውን መጽሐፍ ማንም እንዳያስወግደው፤ እዚህ ላይ ድርቅ በይ!

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የውጭው መማሪያ መጽሐፍ የትም ይገኛል። በከፋ ክፍለ ሀገር ዘመን በስቴንስል የተባዛ ሪፖርት፣ እዚሁ የተሠራ የጥናት ወረቀት ግን ሌላ ቅጂው ላይኖር ይችላል። ቺካጎም ናይሮቢም አታገኚው። ያላችሁን ትንሽ በጀት እሱን በፊልም ለማስነሳት አውሉት። ተራው እስኪደርስ ካርቶን ውስጥ አድርገሽ በጥጥ ጥብጣብ እሰሪው፣ ከግድግዳውና ከወለሉ አርቂው። ስኮች እንዳታስነኪው፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው።