ቆዳው የጠነከረ፣ ልቡ የማይሰበር መሣሪያ፦ በቤት ወርክሾፕ ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከፌሮ ወይም ከተራ ላሜራ የሠራችሁትን መሣሪያ አግላችሁ ውኃ ውስጥ ብትነክሩት አይጠነክርም። ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 0.2 ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው። የጎደለውን ከከሰል እንዲጠጣ ማድረግ ይቻላል፤ የሚጠጣው ግን ቆዳው ብቻ ነው። ለሞርሳ መንጋጋና ለመሰርሰሪያ መምሪያ ይህ ግሩም ነው። ለመሮ አይሆንም፤ በተሳለ ቁጥር ጠንካራው ቆዳ ተበልቶ ያልቃል። መሮ ከአሮጌ ባሌስትራ ሥሩ፤ እሱ የራሱ ካርቦን ስላለው ያለ ከሰል አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር ያጠነክረዋል።

ብረታችሁን ሳታውቁ አትጀምሩ። ትንሽ ቁራጭ እስኪቀላ አግላችሁ ውኃ ውስጥ ክተቱ፤ ከዚያ መነጽር አድርጋችሁ ሞርሳ ላይ አስራችሁ በመዶሻ ምቱት። ከታጠፈ ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ እንደ ብርጭቆ ከተሰበረ ካርቦን አለውና ተዉት። ዚንክ የተቀባ ብረት እሳት አይግባ፤ ጭሱ ያሳምማል።

መሣሪያው ካርቦን የሚጠጣው በከሰል ተከቦ በተመረገ የብረት ሣጥን ውስጥ ሲግል ነው፤ ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም ሣጥኑ ላይ ነው። ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ላሜራ በይዱት፤ የቆርቆሮ ጣሳ ሥራው ሳያልቅ ተቃጥሎ ይበሳል። በደንብ የደረቀ የእንጨት ከሰል ከምስር እስከ ሽምብራ በሚያህል መጠን ሰባብሩና ዱቄቱን ንፉት፤ ዱቄት ከበዛ ጋዝ አያሳልፍም። ለ9 ኪሎ ከሰል 1 ኪሎ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ቀላቅሉ። ብረቱ ካርቦኑን የሚያገኘው ከሰሉ ስለነካው ሳይሆን ሣጥኑ ውስጥ ከሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሶዳው ጋዙ ቶሎ እንዲፈጠር ያግዛል። አየር የሚያስገባ ሣጥን ግን ከሰሉን አመድ፣ ብረቱን ቅርፊት ብቻ አድርጎ ይመልስላችኋል።

መሣሪያዎቹ እርስ በርስም ከሣጥኑ ግድግዳም 2 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ክዳኑን አሸዋ በገባበት የሸክላ ጭቃ ምረጉና ቀስ ብሎ ይድረቅ። በብየዳ አትዝጉት፤ ጋዙ መውጫ አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። ሥራውም ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። የሳያናይድ ጨው ዘዴን ብትሰሙ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አትሞክሩት።

ክዳኑን ሳትመርጉ፣ ቀዳዳ አበጅታችሁ ሁለት 6 ሚሊ ሜትር የፌሮ ዘንጎች እስከ መሀል አስገቡ፤ ዙሪያቸውንም በጭቃ ድፈኑ። እሳቱን 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ያዙት። አንዱን ዘንግ ስባችሁ ስታወጡ የውስጠኛው ጫፍ ከሣጥኑ ጋር አንድ ዓይነት ቅላት ካለው ሰዓት መቁጠር ጀምሩ፤ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ አይቆጠርም። በአንድ ሰዓት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይገባል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለማግኘት ግን አራት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ጥልቀቱን እጥፍ ማድረግ ጊዜውን በአራት ያባዛል። ሁለተኛውን ዘንግ በመጨረሻ አውጥታችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩና ስበሩት፤ ስብራቱ ዙሪያ የሚታየው ደቃቅ ግራጫ ቀለበት የቆዳችሁ ውፍረት ነው።

ከሣጥኑ አውጥቶ ወዲያው መንከር ያጓጓል፤ እኔ አልመክረውም። ረጅሙ ሙቀት የብረቱን ቅንጣት ያሳድገዋል፣ ያን ጊዜ የተነከረ ብረት ተሰባሪ ይሆናል። ሣጥኑ እንደተዘጋ ይደር። ጥርስ የሚወጣለት ወይም ለስላሳ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ ካለ፣ አስቀድማችሁ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትታችሁ አሁን በቶርኖ አንሱት፤ ካርቦን የጠጣው ቆዳ አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ እንደገና አግሉት። ማግኔት መሳቡን ሲያቆም 770 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ትንሽ ጨምሩና 10 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ጨው በገባበት መንከሪያ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ እያንቀሳቀሳችሁም አቆዩት። ቀጭን ከሆነ ወይም በጎን ካስገባችሁት ይጣመማል፤ ቀጭኑን ዘይት ይሻለዋል። አሁን ሞረድ ሞክሩበት። ካንሸራተተ ተሳክቷል። እዚህም እዚያም ብቻ ከነከሰ የእንፋሎት አረፋ ተጣብቆበት ነበርና እንደገና አግላችሁ ንከሩ፤ ሁሉም ቦታ ከነከሰ ግን፣ ሙቀቱ በቂ ከነበረ፣ ምርጉን መርምሩ።

ሳታሳድሩ በምድጃ 180 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ የተወለወለው ገጽ የፈዘዘ የገለባ ቀለም ይይዛል። ይህን የዘለለ ሰው መሣሪያው ማዕዘኑ ላይ ሲሰነጠቅ ያገኘዋል። በመሳያ ድንጋይ ማስተካከል ካስፈለገ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ አታንሱ።