ሞምባሳ ስትደርሱ ከመርከብ ውረዱ

ልጆች፣ ባሕር በሌለው ሀገር ተወልዳችሁ ባሕረኛ ልትሆኑ ነው። ጣና ዳር ሠልጥናችሁ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ በሰው ሀገር መርከብ ትሳፈራላችሁ። በቀደም ከእናንተው አንዱ ቤቴ መጥቶ ሲያጫውተኝ፣ በስምንት ወር አሥራ አራት ወደብ እንደነካ ነገረኝ። "የትኛውን ወደድክ?" አልኩት። አሰበ፣ አሰበና "ጋሼ፣ ሁሉም ክሬን ነው" አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ነው።

አልፈርድበትም። በእኛ ጊዜ ጆንያውና ካርቶኑ በመረብ እየተንጠለጠለ ስለሚወርድ መርከብ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ትቆም ነበር። ዛሬ ኮንቴይነሩ በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ተራግፎ ያልቃል። የቀረችውን ትርፍ ሰዓት ደግሞ እናንተ ካቢን ውስጥ ከስልክ ጋር ትጨርሷታላችሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ስልክ ቢኖረኝ ያው ነበርኩ።

ስለ አንድ ከተማ ብቻ ላውራችሁ። ስለ ኬንያዋ ሞምባሳ።

ከሞምባሳ ጋር ያስተዋወቀኝ ገመድ ነው። ሦስተኛ ኦፊሰር ነበርኩ፤ ገና ትኩስ። ባሕርን የማውቀው ከምጽዋ ነው። እዚያ ውኃው ቢሞላም ቢጎድልም አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ ልብም አትሉት። ሞምባሳ የገባነው ማታ 5 ሰዓት ገደማ፣ ባሕሩ ጎድሎ ነበር። ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ገመዱን ጥብቅ አድርጌ አሳሰርኩና ተረኛ ሆኜ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ ነገር ሲያቃስት ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ መርከቧ ሽቅብ ሄዳለች። መውረጃው መሰላል ቁልቁለት ሆኗል፤ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ውኃ ያንጠባጥባል። ሞምባሳ ጨረቃ ስትሞላ ባሕሩ ከ3 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ማንበብና መንቃት ግን ለየቅል ናቸው።

ሽማግሌው ቦሰን፣ የመርከበኞቹ አለቃ፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በዊንቹ፣ በገመድ መጠቅለያው ማሽን፣ ገመዱን አላላልኝ። አልተቆጣም። "እዚህ ሀገር ውኃውን ሳታይ ምንም አትሰር" ብሎኝ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ የትም ወደብ ስደርስ መጀመሪያ የማየው ውኃውን ነው። ከተማውንም በእሱ በኩል አየዋለሁ።

ካርታውን አውጡና እዩት። ሞምባሳ ደሴት ናት። ግራና ቀኝ ሁለት የባሕር ክንድ አቅፈዋታል። በምሥራቅ በኩል ያለው ጠበብ ያለ ነው፤ ወደ ቱዶር ይዘልቃል። አሮጌው ወደብ እዚያ ነው፤ ባለሸራ ጀልባዎች ለዘመናት የቆሙበት። በምዕራብ ያለው ኪሊንዲኒ ነው። ስሙ ራሱ በስዋሂሊ "ጥልቁ ጋ" እንደማለት ነው፤ ስም ያወጣው ሰው መቼም ባሕረኛ መሆን አለበት። ትልልቅ መርከቦች የሚገቡት በዚያ በኩል ነው። እናንተም የምትቆሙት እዚያው ነው። ስለዚህ ሞምባሳን ከጀርባዋ ነው የምታዩዋት። ፊቷን ለማየት ደሴቷን ማቋረጥ አለባችሁ፤ በቱክቱክ ሩብ ሰዓትም አይፈጅ።

አሮጌው ወደብ አፍ ላይ ፎርት ኢየሱስ አለ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ኮራል ድንጋዩ ላይ የገነቡት ምሽግ ነው። የኦማን ዓረቦች ከ1696 እስከ 1698 ከበው ከበው ወሰዱት። በእንግሊዝ ጊዜ እስር ቤት ሆነ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ምሽግ የሚጠብቀው ያንን ጠባብ በር ነው። መርከብ እየከበደች፣ ጥልቅ ውኃ እየፈለገች ስትሄድ ዞር ብላ በሌላው በኩል ገባች። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1896 ከሞምባሳ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አበቃለት። የኡጋንዳና የደቡብ ሱዳን አብዛኛው ጭነት፣ የሩዋንዳና የምሥራቅ ኮንጎም ከፊሉ፣ ዛሬ በኪሊንዲኒ ነው የሚያልፈው። ምሽጉ ግን እስካሁን ባዶ ውኃ ይጠብቃል።

የዝሆን ጥርሶቹን ሁሉም ሰው ፎቶ ይነሣባቸዋል። መንገድ ላይ የተጋጠሙ ትልልቅ የአሉሚኒየም ጥርሶች ናቸው፤ ለእንግሊዝ ንጉሣውያን ጉብኝት የተሠሩ። አንድ ጊዜ እዩና እለፉ።

ይልቅ ነፋሱን ጠይቁ። የአሮጌው ከተማ ሰዎች ለነፋስ ሁለት ስም አላቸው። ካስካዚ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ የዓረብና የህንድ ጀልባዎችን ያመጣ የነበረው እሱ ነው። ኩሲ ከሚያዝያ ጀምሮ ከደቡብ ይነሣና ይመልሳቸዋል። በመካከሉ ነጋዴው ምን ያድርግ? ይቀመጣል። ወር ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ይጸልያል፣ ያበድራል፣ ያገባል። ልጆቹ የሁለት ሀገር ልጆች ይሆናሉ። ስዋሂሊ የሚባለው ሕዝብና ቋንቋ የበለፀገው በዚህ መጠበቅ ውስጥ ነው። ሞምባሳዎች እንግዳ ሲመጣ የማይደነግጡት፣ ለመሄድም የማያጣድፉት ለዚህ ይመስለኛል። ነፋሱ ያመጣው ሁሉ ግን ደግ አልነበረም። በዚያው ነፋስ ባሮችም ተጭነው ሄደዋል። ከናያሊ ድልድይ ማዶ ያለው ፍሪርታውን እ.ኤ.አ. በ1875 ነፃ ለወጡ ባሮች የተቆረቆረ ሰፈር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1331 ሞሮኮዊው ተጓዥ ኢብን ባጡታ እዚያ አንድ ሌሊት አድሯል። ሙዝና ሎሚ እንዳለ፣ እህል ግን ከውጭ እንደሚመጣላቸው ጽፏል። ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከተማዋ ዛሬም የራሷ ያልሆነውን እያስተናገደች ትኖራለች። ደሴቷ ላይ አንዲት የሻይ ቅጠል አይበቅልም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሻይ ግን በጨረታ የሚሸጠው እዚያ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ሊኮኒ ሂዱ። ደሴቷ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ በድልድይ ትወጣለች፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሊኮኒ ግን በፌሪ፣ በመሻገሪያ ጀልባ ነው። እግረኛ አይከፍልም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቁሙና እዩ፦ አስተማሪው፣ ዓሣ ሻጯ፣ ዶሮ የታቀፈው፣ ብስክሌት የሚገፋው፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ። ትልልቅ መርከቦች ወደ ኪሊንዲኒ ሲገቡ በዚያው ውኃ ነው የሚያልፉት። እናንተ ብሪጁ ላይ፣ መርከቧ የምትመራበት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ፌሪዋን እንደ ነጥብ ትቆጥሯታላችሁ። አንድ ጊዜ ነጥቧ ውስጥ ቆማችሁ መርከቧን እዩዋት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1994 እዚያው አጠገብ፣ ምቶንግዌ ላይ፣ ከአቅሟ በላይ የጫነች ፌሪ ተገልብጣ ከ250 በላይ ሰው አልቋል። ከዚያ በኋላ መርከብ ወደብ የሚያስገባው መሪ፣ ፓይለቱ፣ ፍጥነት ቀንሱ ሲላችሁ ለምን እንደሆነ አይጠፋችሁም።

ማታ ደግሞ አሮጌው ከተማ ውስጥ ቡና አለ። ሰውየው ከሥሩ ፍም ባለበት የናስ ጀበና ይዞ፣ ዝንጅብል የገባበት መራራ ቡና በትንሽ ስኒ ይቀዳላችኋል። ቆማችሁ ነው የምትጠጡት። የእኛ እናቶች ቢያዩ ይታዘባሉ። እናንተ ግን "ቡና የኛ ነው" ብላችሁ ትምህርት አትጀምሩ። እኔ ጀምሬ አይቼዋለሁ፤ ሰውየው በትዕግሥት አዳመጠኝና ሁለተኛውን ስኒ አስከፈለኝ።

የመጨረሻዋን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የኪሊንዲኒን አፍ ከውኃው ላይ ሆኜ ላይ ፈለግሁና አሮጌው ወደብ ላይ ከአንድ ጀልባ ቀዛፊ አዛውንት ጋር ተነጋገርኩ። "ነገ፣ ሳ ታቱ" አሉኝ። ሦስት ሰዓት መሆኑን አወቅሁ፤ ቁጥር ተምሬያለሁ። በመርከብ ሰዓት ከቀትር በኋላ 3፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት ላይ ተገኘሁ። አዛውንቱ ጥላ ሥር ተኝተዋል። ውኃው ሸሽቶ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ጋደም ብላለች። ለካ ስዋሂሊም እንደ እኛው ሰዓቱን የሚቆጥረው ከንጋት ነው! ሳ ታቱ ማለት የእናቴ ቤት ሦስት ሰዓት ነው፤ ከቁርስ በኋላ። ከጠዋት ጀምሮ በሙሉ ውኃ ሲጠብቁኝ ቆይተዋል። እኔ የሀገሬን ሰዓት ረስቼ በፈረንጅ ሰዓት ስቆጥር።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጀልባዋን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ባሕሩ ቀስረው "ይመለሳል" አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጎህ ሲቀድ መነሣት ነበረብን፤ ግን እስከ ማታ ጊዜ ነበረኝ።