ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት

የጅማ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር የአቅመ ደካሞችን ቤት ለማደስ ብር ስትሰበስቡ፣ አካፋና መዶሻ ይዛችሁ ስትሯሯጡ አያለሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ትሉኛላችሁ። እኔ ዕድሜዬን በግንባታ ሥራ ነው ያሳለፍኩት፣ ከፎርማንነት ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። ቤቱ አምሮ ቤተሰቡ ከወጣ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። የምትለፉት ሰዎቹ እዚያው እንዲኖሩ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር ነው።

እናም ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ከማየታችሁ በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ከምታድሷቸው ውስጥ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ትንሽ ነው፣ ለጥገና የሚተርፍ ነገር የለውም፣ ግድግዳው ዘሞ ዛሬ እናንተን የሚጠብቀው ለዚህ ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። ዛሬ በቃል «ቀጥሉ፣ ችግር የለም» ያላችሁ ኃላፊ ነገ ይቀየራል። ኩሽና ወይም አንድ ክፍል መጨመር ካሰባችሁ እሱም ደብዳቤው ላይ ይግባ፣ አለዚያ አፍርሱ ትባላላችሁ።

የግል ኪራይ ቤት ሲሆን ጣጣው ይብሳል። ቆርቆሮ ትቀይራላችሁ፣ ትለስናላችሁ፣ ቀለም ትቀባላችሁ፣ ከዚያ አከራዩ ቤቱ አማረ ብሎ ኪራይ ይጨምራል ወይም ልቀቁልኝ ይላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆች ያሏት እናት ባደሱላት ቤት አንድ ክረምት እንኳን ሳታሳልፍ ወጣች። ያደሱት ልጆች እንዴት እንዳዘኑ አልረሳውም። ስለዚህ ምስማር ሳይገዛ ከአከራዩ ጋር ቁጭ በሉ። ይህን ያህል ዓመት አላስወጣም፣ በእናንተ እድሳት ምክንያት ኪራይ አልጨምርም ብሎ በጽሑፍ ይፈርም፣ የሰፈር ሽማግሌም ምስክር ይሁን። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ራሱ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመት አይነስ ይላል፤ የሚሠራባቸውን ከተሞች የሚወስነው ግን ክልሉ ነው። አከራዩ አልፈርምም ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ፣ ችግረኛ አይጠፋም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ጨረቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶና ድንጋይ ላይ ብዙ አታፍስሱ። ቤቱ አንድ ቀን ቢፈርስ ቤተሰቡ ነቅሎ ሊወስደው የሚችለውን ስጡ፤ ቆርቆሮ፣ በር፣ መስኮት።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። እናንተ የምትወጡት ትምህርት ሲዘጋ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ። ለጭቃ ቤት ከዚህ የባሰ ወር የለም። ምርጊቱ አይደርቅም፣ ሳይደርቅ የተለሰነው ደግሞ ወዲያው ይረግፋል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል። አስሉት፣ 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ብቻ 45,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ውሃ ከጣሪያው ጫፍ ወርዶ መሬቱን እየመታ ግድግዳውን ከሥሩ ይረጨዋል። ጭቃ ቤት የሚሞተው ከታች ነው። ምሰሶው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል፣ ምስጡም የሚገባው በዚያው ነው። ስለዚህ ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ቀለሙ ይሁን። የድንጋይ መሠረቱ፣ አሸንዳው፣ ቤቱን ዞሮ ውሃ የሚያወጣው ቦይ ግን አይቅር። አዌቱ ወንዝ ዳር ላለ ቤት መሠረቱን ከፍ አድርጉት። ምሰሶው ከመቆሙ በፊት መሬት የሚገባውን ክፍል የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ ከጋራዥ በርካሽ ይገኛል። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 32 ከ28 የሚረክሰው ለዚህ ነው፣ በርካሽ ገዛን ብላችሁ እንዳትደሰቱ።

ታዲያ ክረምቱን ምን እንሥራበት ካላችሁ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ድፈኑ፣ ቦይ ቆፍሩ፣ ቤቶቹን እየዞራችሁ ለኩ፣ ወረቀቱን ጨርሱ። ምርጊቱን ለጥር አቆዩት። ብሩም ያኔ ነው የሚገኘው። የጅማ ኪስ የሚሞላው ቡና ሲሸጥ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መርካቶ ነጋዴው ደጃፍ ብትቆሙ እሱም የልጆቹ ደብተርና ክፍያ አስጨንቆታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ጉልበት ያለው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ጥር ላይ ግን ለቀማው አልቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነጋዴውም እጁ ይፈታል።

ብር በአንድ ሰው ቴሌብር አትሰብስቡ። ልጁ ምንም ታማኝ ቢሆን ሐሜት አያመልጠውም፣ ሐሜት ከገባ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ሥራችሁ አበቃለት። ባንክ ሂዱና በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ። ከሁሉም የምመርጠው የሰፈሩን እድር ነው። መዝገብ አለው፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሰው ለዓመታት የሚያምነው ቤት ነው። ከዚያ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ሰው እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ልቀቁት። ቤቷ የታደሰላትን እናት እንባ ግን አትልቀቁ። ልጆቿ እዚሁ ከተማ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ጓደኞቻቸው ያዩታል፣ እባካችሁ ይህን አስቡ።

ስለ ጉልበት ደግሞ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሃምሳ ሰው ቢገባ እርስ በርስ ከመጋፋት በቀር የሚሠራው ነገር የለም። አንድ ሥራውን የሚመራ አናጺ ቅጠሩ፣ ሒሳቡንም በደንብ ክፈሉት፤ የቀን ሠራተኛን በበጎ ፈቃድ ስም በነጻ ማሠራት ነውር ነው። እናንተ በተራ በተራ ግቡ። ገጠሩን ተመልከቱ፣ ዳዶ፣ ማለትም በተራ ጉልበት የመረዳዳት ሥራ የወጣ ሰው ሥራው ሳያልቅ አይበተንም። የአሜሪካው የቀድሞ ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር እንኳን በ1984 እ.ኤ.አ. ለችግረኞች ቤት ከሚሠራው ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ጋር ቤት መሥራት ጀምረው በ95 ዓመታቸውም ሥራው ቦታ ይገኙ ነበር። በዚያ ድርጅት አሠራር ቤቱን የሚያገኘው ቤተሰብም አብሮ ይሠራል፣ ይህን በጣም እወደዋለሁ። እናንተም ቤተሰቡን ዳር አታቁሙት። አቅም ያለው ጭቃ ይርገጥ፣ ያልቻለ ዕቃ ይጠብቅ፣ በሩ በየት በኩል ይሁን የሚለውንም እነሱ ይወስኑ።

ለመጪው ጥር የምታስቡ ካላችሁ የቀበሌውን ደብዳቤ አሁኑኑ ጀምሩት፣ እሱ ከምርጊቱ በላይ ጊዜ ይፈጃል። ጭዱንም ምርቱ እንደተወቃ ያዙ፣ የጤፍ ጭድ ከሆነ የተሻለ ነው፣ ከቆየ ዋጋው ይወጣል።