ባልና ሚስት ሆናችሁ ሆስፒታል መርከብ ላይ ለማገልገል ለምታስቡ

ሰላም እህቴ። «እኔ ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ ግን ከሕክምና ጋር አይተዋወቅም። ሆስፒታል መርከብ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆነን አብረን ብንሄድ ኑሮው እንዴት ነው? ትዳር ይችለዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔና ባለቤቴ በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ግንቦት ግሎባል መርሲ ላይ ነበርን፤ መርሲ ሺፕስ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ሆስፒታል መርከብ ናት። መርከቧ ያኔ ሴራሊዮን፣ ፍሪታውን ወደብ ቆማ ነበር። እኔም ነርስ ነኝ፣ እሱም ከሕክምና ጋር አይተዋወቅም። ስለዚህ ጥያቄሽ የኔው ጥያቄ ነበር።

ገንዘቡን አስቀድሜ ልንገርሽ። እዚያ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ፣ ካፒቴኑም ጭምር፣ ደመወዝ አይከፈለውም። እንዲያውም እኛ በነበርንበት ጊዜ ለመኝታና ለምግብ በየወሩ የምንከፍለው እኛው ነበርን። ቲኬቱም ኢንሹራንሱም በራሳችን ነበር። እናቴ ስትሰማ «ሠርተሽ ደግሞ አንቺው ልትከፍዪ?» አለችኝ። እኛ እቁብ ሲወጣልን ሳንነካው አስቀመጥነው። የሚከብደው ግን የመርከቡ ክፍያ አይደለም፤ ትታችሁት የምትሄዱት የቤትና የመኪና ቢል ነው። ቤታችንን ለዘመድ ባናከራይ ኖሮ አንችለውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ ባለቤትሽ።

የኔ ባል የማቀዝቀዣ ቴክኒሽያን ነው። በሙያው የሚሆን ቦታ ስላልነበረ ምግብ አዳራሽ ተመደበ። እኔ ታች ሆስፒታሉ ውስጥ ነኝ፣ እሱ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ይወለውላል፣ ሳህን ይሰበስባል። እኔ ማታ እገባለሁ፣ እሱ ጠዋት ይነሳል። አንዳንድ ሳምንት የምንገናኘው ኮሪደር ላይ ነበር። እኔ ክፍላችን ስገባ ያየሁትን ለማውራት እቸኩላለሁ። እሱ ዝም ይላል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሌሊት፣ «አንቺ ሰው ታድኛለሽ፣ እኔ ሳህን ላጥብ ነው ሥራዬን ትቼ የመጣሁት?» አለኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ተኳርፈሽ የምትሄጂበት ሌላ ክፍል የለም። ጎረቤት እንዳይሰማ እየተንሾካሾክን ተጣላን። ያን ሌሊት ወደ ቤት እንመለስ ብለን ተነጋግረን ነበር።

ያቆየን ደም ነው። መርከቧ ላይ ደም የሚገኘው ከራሳቸው ከበጎ ፈቃደኞቹ ነው። የደም ዓይነትሽ ይመዘገባል፣ ሲያስፈልግ ትጠሪያለሽ። አንድ ቀን ከእራት በኋላ ባለቤቴ ሳህን እየሰበሰበ ሳለ ተጠራ። እኔ አልሰማሁም። ማታ ተረኛ ሆኜ ስገባ መንጋጋው ላይ ትልቅ እጢ የነበረበት ወጣት ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ ነበር። ይሄ እጢ ካንሰር አይደለም። በጊዜው ሐኪም ካየው ቀላል ነው። ሐኪም ካጣ ግን ለዓመታት እያደገ መብላትም መተንፈስም ይከለክላል። የደም ከረጢቱን ስቀበል እጄ ላይ ሞቀኝ። ከፍሪጅ የወጣ ደም ብቻ ነበር የማውቀው፣ እንዲህ ያለ ነክቼ አላውቅም። የማን እንደሆነ ያወቅሁት ሲነጋ ነው፤ ባሌ ክንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ቁርስ ሲያቀርብ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ተፈቅዶለት ከሥራ ሲወጣ ልጁ ጋ ይወርድ ጀመር። ልጁ ማውራት አይችልም፣ ካርታ ይጫወታሉ። ወንድሙ አልጋው ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ይተኛል፤ አስታማሚ እዚያ ነው የሚያድረው። የሀገሩን ሰላምታ ያስተማረውም ወንድሙ ነው። በሴራሊዮኖች ቋንቋ በክሪዮ «ሃው ዲ ቦዲ?» ይሉሻል፣ ሰውነትሽ እንዴት ነው እንደማለት ነው። መልሱ «ቴል ጎድ ቴንኪ» ነው። የኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ቁርጥ! ባሌ እስከ ዛሬ ስልክ ሲያነሳ እንደዚያ ይላል።

ሳህኑን ማጠብ አልቀረለትም፣ እስከ መጨረሻው አጥቧል። ግን ያ ሳህን የሐኪሟም፣ የነርሷም፣ የመካኒኩም እንደሆነ ገባው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ባለቤትሽ የትኛው ሥራ ላይ እንደሚመደብ በግልጽ ይጠይቅ። ኤሌክትሪሺያን፣ ምግብ አብሳይ፣ መምህር፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሁሉም ይፈለጋል። «እኔን ተከትሎ ይመጣል» ብለሽ ግን አትውሰጂው።

አንድ ሌላ የሚያምሽ ነገር አለ። ሁሉም በሽተኛ አይታከምም። መርከቧ የምትሠራው የተወሰኑ ቀዶ ሕክምናዎችን ነው። አይቻልም ተብሎ የተመለሰ ሰው ፊት ከዓይንሽ አይጠፋም። ያን ቀን ለባልሽ ንገሪው፣ ብቻሽን አትያዢው።

ስለ ጾም ላልሽው፣ ይቻላል። አትክልትና ባቄላ አይጠፋም። የፈረንጆቹ ፋሲካ መጋቢት 22 ሲውል እኛ ገና ሁዳዴ ላይ ነበርን። የኛው ሚያዝያ 27 ሲደርስ ባሌ ዶሮ ወጥ ለመሥራት ኩሽናውን አስፈቀደ። በርበሬውን ከቤት ይዘን ነበር፣ እናንተም እንዳትረሱ። ከሰል ያለው ጀበና ግን እርሱት፤ መርከብ ላይ እሳት ቀልድ አይደለም፣ በየጊዜው ልምምድ አለ።

ልጅ ስንወልድስ ላልሽው፣ መርከቧ ላይ ትምህርት ቤት አለ። ጋሪ ፓርከር የሚባሉ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ለጥቂት ወራት ብለው በድርጅቱ መርከብ ገቡ። ባለቤታቸውን እዚያው አገኙ፣ ሁለት ልጆቻቸውንም እዚያው አሳደጉ። ከ30 ዓመት በላይ ቆዩ። ስለሳቸው ስሰማ ትዝ ያሉኝ የኛዎቹ ሐምሊኖች ናቸው። ዶክተር ካትሪንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በፈረንጆቹ 1959 ለሦስት ዓመት ኮንትራት አዲስ አበባ መጡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለፊስቱላ ሕሙማን ሰጡ። እነሱ ግን ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ፣ እኔና አንቺ ግን እንደዚያ አይደለንም። ለዚህ ነው ስለ ባለቤትሽ ይህን ያህል የጻፍኩት።

ለጀማሪ አጭር ጊዜ ይሻላል፣ ስድስት ወር እንኳ ረጅም ነው። ተረኛነታችሁ እንዲቀራረብ ጠይቁ፣ ሁሌ ባይሆንም አንዳንዴ ይሳካል። እሑድ አብራችሁ ከመርከቡ ውጡ። እኛ ላምሊ ባሕር ዳርቻ እየሄድን ዓሣ እንበላ ነበር፤ እዚያ ስለ ሥራ ማውራት ክልክል ነው ተባብለን ነበር።

ማመልከቻውን ባለቤትሽ በራሱ እጅ ይሙላው። ምን ሥራ እንደሚችልና ምን እንደሚወድ ጠይቂውና እዚሁ ጻፊልኝ። ባሌም አጠገቤ አለ፣ የሱን ጥያቄ እሱ ይመልስለታል።