ጣርማበር ላይ የምትዘለው ነጥብና ሌሎች የሎኬሽን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ስለ ስልክ ሎኬሽንና ማፕ የላኩልንን ጥያቄዎች መርጠናል። የሴቲንግ ስሞች ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያሉ፤ እኛ የያዝነው የአንድሮይዱን ነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ሚኒባስ እነዳለሁ። ጣርማበር ስደርስ ማፑ ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ቀጥ ትላለች፤ አንዳንዴም ዘላ ቆላ ውስጥ ትገኛለች። ጉሙ ነው እንዲህ የሚያደርጋት? ስልኬን ልቀይር ይሆን?
*ከደብረ ሲና*

መልስ፦ ስልኩን አይቀይሩ፤ ጉሙም ጥፋት የለበትም። የጂፒኤስ ሞገድ ጉምና ደመናን ሰንጥቆ ያልፋል። የማያልፈው አለትና አፈር ነው። የጣርማበሩ የመኪና ዋሻ ውስጥ ስልኩ አንድም ሳተላይት ስለማያገኝ ነጥቧን በግምት ትንሽ ይገፋትና ያቆማታል። ከዋሻው ወጥተው ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ገደሉ በአንድ ወገን ሰማዩን ይጋርዳል። ስልክ ያለበትን ለማወቅ በአንድ ጊዜ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት መስማት አለበት። ከገደል ጋር ተላትሞ የሚደርሰው ምልክት ደግሞ ረጅም መንገድ ስለሚዞር ርቀቱን ያዛባዋል። ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ስህተት አይታወቅም። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ግን ነጥቧን ከላይኛው መታጠፊያ አንስቶ ታችኛው ላይ ሊጥላት ይችላል፤ አፑ ያለቦታው «ዙር» የሚለውም ለዚህ ነው።

ዘላ ቆላ መግባቷ የተለየ ነገር ነው። ሳተላይት ሲጠፋ ስልኩ የተያያዘበትን የኔትወርክ ታወር አይቶ ይገምታል። ከፍታ ላይ ያለ ስልክ ሩቅ ቆላ ያለ ታወር ሊይዝ ስለሚችል እርስዎንም እዚያው ይቆጥርዎታል። ይህን የሚያሳብቀው በነጥቧ ዙሪያ ያለው ፈዛዛ ክብ ነው። ክቡ ከሰፋ ነጥቧን አይመኗት።

ስልኩን ከኪስ አውጥተው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ሰማይ በሚያይበት ቦታ ያስቀምጡት። ደብረ ብርሃን ሳሉ ማፑን ከፍተው ክቡ እስኪጠብ ይጠብቁ፤ ፓወር ሴቪንጉንም ያጥፉ። ነጥቧ ገላጣ ሜዳ ላይም የምትዘል ከሆነ ግን ጣርማበርን ይተዉና ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ማፕስ፣ ፐርሚሽን፣ ሎኬሽን ውስጥ ገብተው «ፕሪሳይዝ ሎኬሽን» መብራቱን ይዩ። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ይህ ከጠፋ ለአፑ የሚሰጠው 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ግምት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዳታ አለኝ፤ ቴሌግራምም ይሠራል። ማፕ ግን አልከፍት ይላል። ሪስታርት አደረግኩ፣ አፑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ያው ነው።
*ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ መጀመሪያ የስልክሽን ቀን እይ። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማየት ብለሽ በእጅ ሞልተሽው ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ስልኩ በውስጡ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ የእኛን ዓመተ ምሕረት ስትሞይለት 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ማፕ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ያያል፤ ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበት ቀን አለው፤ ለስልክሽ ያ ቀን ገና ስላልደረሰ ግንኙነቱን ይዘጋዋል። ክሮም ብትከፍቺ ሰዓትሽ ወደ ኋላ እንደቀረ ራሱ ይነግርሻል። ቴሌግራም ሰዓቱን ከራሱ ሰርቨር ጋር ስለሚያስተካክል ይሠራል፤ ሰው ሁሉ ኔትወርኩን የሚጠረጥረውም በዚህ ተታልሎ ነው።

ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዴት ኤንድ ታይም ገብተሽ ቀኑንም ሰዓቱንም ኦቶማቲክ አድርጊ። የእኛን ቀን ለማየት የኢትዮጵያ ካሌንደር ዊጄት ይበቃል።

ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ከፈለግሽ 6 ሰዓት በእጅ አትቀንሺ። ታይም ዞኑን ብቻ ከጂኤምቲ ሲደመር 3 ወደ ጂኤምቲ ሲቀነስ 3 ለውጪው፤ ሳኦ ፓውሎን መምረጥ ይቻላል። የውስጡ ሰዓት ሳይነካ የሚታየው ብቻ ይቀየራል። ቀኑ ኤኤም፣ ሌሊቱ ፒኤም ይሆናል፤ ቀኑም የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ማፕ የሚነግርሽ የመድረሻ ሰዓትም በእኛ ይሆናል፤ ስለዚህ በፈረንጅ ሰዓት ለሚያስብ ሰው ስትነግሪ ተጠንቀቂ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ጓሳ ስንወጣ ኔትወርክ የለም። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?
*ከመሐል ሜዳ*

መልስ፦ ያለ ሲም ካርድም ይሠራል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ነው፤ ለማፑ ሥዕልና ነጥቧን ቶሎ ለማግኘት።

ማፑን ዋይፋይ ባለበት ያውርዱት። ጎግል ማፕስ ላይ ፎቶዎን ነክተው ኦፍላይን ማፕስ ይግቡ፣ የራስዎን ማፕ ይምረጡ የሚለውን ይጫኑ፣ ሳጥኑን ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ዘርጉትና ያውርዱ። የወረደው ማፕ ጊዜው ስለሚያልፍ ከጉዞ በፊት ያድሱት። ያለ ዳታ ጎግል የሚመራው በመኪና ብቻ ነው፤ የእግር መንገድ አይሰጥም። ለእግር ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ ይሻላሉ። እነሱም የሚያሳዩት በጎ ፈቃደኞች የሣሉትን መንገድ ነው፤ ሁሉንም የፍየል መንገድ አይጠብቁ።

ዳታ ሲኖር ስልኩ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ከኢንተርኔት በሴኮንዶች ያገኛል። ከሌለ ከየሳተላይቱ 30 ሴኮንድ ያህል ሳይቋረጥ ማዳመጥ አለበት። ብዙ ቀን ሎኬሽኑ ተዘግቶ የቆየ ስልክ ደግሞ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ የሁሉም ሳተላይቶች ዝርዝር ተላልፎ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። በመኪና እየሄዱ ካበሩት በየኮረብታው ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ መሐል ሜዳ ሳሉ ዳታ ከፍተው ነጥቧን አንዴ ይያዙ፤ ያ መረጃ ጥቂት ሰዓታት ያገለግላል። ከረሱ ደግሞ ገላጣ ቦታ ቆመው ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ቦታዬ ልክ ነው፤ አቅጣጫዬ ግን የተገለበጠ ነው።
*ከአንኮበር*

መልስ፦ ኮምፓሱ ነው። ማግኔት ያለው ካቨር ካለ ያውልቁት፣ ከመኪናና ከቆርቆሮ ይራቁ፣ ከዚያ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር እየሣሉ ጥቂት ጊዜ ያዙሩት።

ጥያቄ፦ በመሬት አስተዳደር እሠራለሁ። በስልክ የወሰድኩት ዩቲኤም (በሜትር የሚጻፍ የቦታ ቁጥር) ቢሮ ባለው አሮጌ 1፡50,000 ካርታ ላይ ሳሰፍረው ከማውቀው ቦታ ይርቃል።
*ከእነዋሪ*

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት በመነሻ ልኬታቸው ነው። አሮጌዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ልኬት ሲሆን ስልኩ የሚሰጠው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ነው። የስልኩን ቁጥር እንዳለ ካሰፈሩት ነጥቡ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ ይሸሻል። የካርታውን ግርጌ ያንብቡ፤ አዲንዳን ካለ ካርታ በሚሠሩበት የጂአይኤስ ፕሮግራም ላይ ከኢፒኤስጂ (የልኬት መለያ ኮድ) 32637 ወደ 20137 ይለውጡት። ሁለቱም ዞን 37 ሰሜን ናቸው። ደግሞም ስልክ በገላጣ ቦታ 5 ሜትር ያህል ስለሚስት ለይዞታ ድንበር አይሆንም፤ አምስት ሜትር የጎረቤት ክርክር ለማስነሳት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዕቃ የሚያመጣልን ሰው የላክንለትን የቦታችንን ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ማፑ ላይ ሲያስገባ ጣሊያን አጠገብ ባሕር ላይ ይወስደዋል።
*ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ ቁጥሮቹ ተገላብጠው ነው። ደብረ ብርሃን 9.68፣ 39.53 ገደማ ናት፤ ሲገለበጥ ሰርዲኒያ ደሴት ዳር ይወጣል። በሰሜን ሸዋ መጀመሪያ የሚጻፈው በ8፣ በ9 ወይም በ10 የሚጀምረው ነው። ከቁጥር ይልቅ በቴሌግራም ሎኬሽን መላክ ይቀላል፤ ግን ላክ ከማለትዎ በፊት ከሥሩ የሚታየው የሜትር ቁጥር ከ20 በታች እስኪወርድ ይጠብቁ።