ትልቅ ውሻ፣ አስም ያለባት ልጅ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምንኖረው። ሌባ አጥር ዘሎ ስለገባብን ለግቢያችን ትልቅ ውሻ ፈልገናል። ችግሩ የ9 ዓመት ልጃችን አስም አለባት፤ አክስቷ ቤት ካለው ጀርመን ሼፐርድ ጋር ስትጫወት ያስነጥሳታል፣ ዓይኗ ይቀላል። አንድ ሻጭ የፑድልና የላብራዶር ድቅል ቡችላ አሳይቶን «ይሄ አለርጂ የማያመጣ ዘር ነው» አለን። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ብንገዛው ያዋጣናል? ካልሆነስ የትኛው ትልቅ ዘር ይሻለናል? (አባት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ ቡችላውን አይግዙት። «አለርጂ የማያመጣ» የሚባል የውሻ ዘር የለም። ልጅዎን የሚያስነጥሳት ፀጉሩ ሳይሆን ከምራቁ፣ ከቆዳው ፎረፎርና ከሽንቱ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ዋነኛው ካን ኤፍ 1 ይባላል። ውሻ ገላውን ሲልስ ምራቁ ፀጉሩ ላይ ይደርቅና እንደ አቧራ ይበናል። ፑድልም ይልሳል፣ የፑድልም ቆዳ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ጥናት እንዲያውም «አለርጂ አያመጡም» በሚባሉት ውሾች ፀጉር ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ካን ኤፍ 1 አግኝቷል፤ በየቤታቸው አየር ላይ ግን ልዩነት አልታየም።

የዚህ ድቅል ዝና የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ዋሊ ኮንሮን የተባለ የመሪ ውሾች አርቢ ሃዋይ ለምትኖር ማየት ለተሳናት ሴት፣ ባሏ አለርጂ ስላለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ፑድልን ከላብራዶር አዳቀለ። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ፤ የሦስቱም ፀጉርና ምራቅ ሃዋይ ተልኮ ባልየውን ያልነካው የአንዱ ብቻ ነበር። እናታቸው አንድ፣ አባታቸው አንድ፣ የተወለዱት በአንድ ቀን። እርስዎም መምረጥ ያለብዎት ልጅዎን የማይነካትን አንዱን ውሻ ነው እንጂ የዘሩን ስም አይደለም። ቡችላ ደግሞ ገና አልለየለትም፤ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ፀጉሩን ይቀይራል፣ ድቅሉም አባቱን ይምሰል እናቱን ያኔ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ዓመት የሞላው ውሻ ይፈልጉ።

ከትልልቆቹ ፀጉራቸው እምብዛም የማይረግፈው ስታንዳርድ ፑድልና ጃያንት ሽናውዘር ናቸው። ፎረፎሩ ፀጉራቸው ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር መጅሊሱ ላይ ብዙ አይበተንም። ግን ሥራ አላቸው፦ ፑድል በየሁለት ሦስት ቀኑ ካልተበጠረ፣ በየ6 ሳምንቱም ካልተከረከመ ፀጉሩ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ይጠፈጠፋል፤ ከሥሩ ቆዳው ይቆስላል፣ መዥገርም ይደበቅበታል። ሽናውዘር ድርብ ፀጉር ያለው፣ ብዙውን ጊዜም ጥቁር ውሻ ስለሆነ የድሬን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት አይወደውም።

ለእርስዎ ቤት የምንመክረው ፀጉረ አጭር፣ ቆዳው ጤነኛ የሆነ፣ አድጎ ጠባዩ የታወቀ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ግቢ የሚያድር፣ ደፍ የማያልፍ። ብዙ የድሬ ሰው ድሮም ውሻ ቤት አያስገባም፤ ያ ልማድ ለልጅዎ ከየትኛውም ውድ ዘር ይበልጥላታል። ለሌባም ቢሆን ውሻው የሚፈለገው በር ላይ ነው።

ከመውሰድዎ በፊት ግን ይሞከር። መጀመሪያ ሐኪሟን ያማክሩ፤ አስሟ ሆስፒታል ያስተኛት ከሆነ ሙከራውም ውሻውም ይቅር። ከተፈቀደላት የመጀመሪያው ቀን ከውሻው ጋር ደጅ 15 ደቂቃ ትቀመጥ። በሁለተኛው ጊዜ ባለቤቱ ቤት፣ መስኮት ተዘግቶ አንድ ሰዓት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገም። ፓፏ (በአፍ የምትስበው የአስም መድኃኒቷ) ከእጅዎ አይራቅ። አንዳንዱ ምልክት የሚመጣው ከ6 እና 8 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ማታ ደረቷን ያዳምጡ፤ ሲር ሲር ካለ ወይም ሳል ከቀሰቀሳት መልሱ ታውቋል። ሴትሪዚን የመሰለ የአለርጂ ኪኒን ወስዳ ከሆነ ምልክቱን ይሸፍነዋልና ስንት ቀን ቀደም ብላ እንደምታቆም ሐኪሟ ይንገራችሁ። ለአስሟ በየቀኑ የምትወስደውን ግን ለሙከራ ብለው እንዳያስቆሟት።

ውሻውንም ይፈትሹት። ጥቁር ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፈው አቁሙትና ከጅራቱ ሥር ፀጉሩን በተቃራኒው በመዳፍዎ ይዳብሱት። ነጭ ቅርፍርፍ ጨርቁ ላይ ከረገፈ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ቁንጫ ከታየ መጀመሪያ ይታከም። የሚያሳክከው ውሻ ቀኑን ሙሉ ሲልስ ስለሚውል አለርጂውን ያበዛዋል።

እጥበት ይረዳል፤ ግን በሦስት ቀን ገደማ አለርጂው ስለሚመለስ በሳምንት ሁለቴ መሆን አለበት። ለትልቅ ውሻ ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበቃል፦ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልብስ ዱቄት ሳሙና ያጥብና ቆዳውን አድርቆ ፎረፎሩን ይጨምረዋል። የውሻ ሻምፑ ተጠቅመው አረፋው እስኪጠፋ ያለቅልቁት። የሚያጥበውም የሚያበጥረውም አለርጂ የሌለበት ሰው ይሁን፤ እሱም ወደ ልጅቷ ከመሄዱ በፊት ልብሱን ይቀይር። በእሷ መኝታ ክፍል ምንጣፍ አይኑር። ቬንትሌተሩም በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ክንፉ ላይ የተኛውን ሁሉ የሚበትነው እሱ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፦ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በሚነሳበት፣ የፕሮሶፒስ ዛፍ በሚያብብበት ወቅትም የብዙ ልጆች አፍንጫ ይታፈናል። ሙከራውን በዚያ ሰሞን አያድርጉት፣ ያለ ጥፋቱ ውሻው ይወነጀላል።

ጥያቄ፦ ሐረር ነን። ወንድሜ ወንዱን ውሻችንን ሲነካ ዓይኑ ያብጣል፤ የጎረቤት ሴት ውሻ ግን ስትልሰው እንኳ ምንም አይሆንም። ይህ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ካን ኤፍ 5 የሚባለው ፕሮቲን የሚሠራው በወንድ ውሻ ፕሮስቴት ውስጥ ነው፤ ከሽንቱ ጋር ወጥቶ ፀጉሩን ይበክላል። ለእሱ ብቻ አለርጂ የሆኑ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ከሴት ውሻ ጋር በሰላም ይኖራሉ። ውሻችሁ በእንስሳት ሐኪም ቢኮላሽ ፕሮቲኑ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ግን በማግስቱ ለውጥ አትጠብቁ፣ ሳምንታት ይወስዳል። ፀጉሩንና መኝታውን እጠቡ፣ የሚሸናበትን ግድግዳም በሳሙና ውሃ አጽዱ። የወንድምሽ ዓይን ከወር ከሁለት ወር በኋላም ካበጠ አለርጂው ለሌላውም ፕሮቲን ነው ማለት ነው፤ ያኔ የሚሻለው ውሻውን ለሚወደው ዘመድ መስጠት ነው። ከሄደ በኋላም የቀረው አለርጂ ከፍራሽና ከምንጣፍ ለመውጣት ወራት ስለሚፈጅ የሚታጠበው ይታጠብ፣ የማይታጠበው ፀሐይ ላይ ወጥቶ በደንብ ይራገፍ።